ንጉሡ በማን ፊት?
ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ ባልንጀሮቻቸው

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አባቶቻችን ተናግረውታልና ምሳሌውን እስከ መጨረሻው መጻፍ አያስፈልገኝም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ባልንጀራ በእኛ ውስጥ ያልነበረውን ነገር ያስገባብናል ማለት ነው። እኛም መምህራን ይህንኑ በየክፍሉ እየደጋገምን፣ ልጆች ከክፉ ባልንጀራ እንዲርቁ ስንመክር እንኖራለን። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ባልንጀርነት ከዚህ የተለየ፣ ምናልባትም ከዚህ የሚበልጥ ሥራ እንዳለው የተገነዘብሁት ዘግይቼ ነው። ይኸውም ያልነበረውን ማስገባት ሳይሆን፣ ቀድሞም በውስጣችን የነበረውን አንዱን ገጽ ጠርቶ ማውጣት ነው። አንዱ ወዳጅ ሲመጣ ሣቃችን ይወጣል፤ ሌላው ሲመጣ ቁም ነገራችን ይወጣል፤ ሦስተኛው ሲመጣ የተደበቀው ቁጣችን ብቅ ይላል። ሁሉም ግን የእኛው ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው እኔው ራሴ በእጄ የጻፍሁት አንድ ሪፖርት ነው። ስለ ሪፖርቱ በመጨረሻ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ስለ ጥያቄው ልንገር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ባስተማርሁበት ቀን አንድ ዕጩ መምህር ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ለድኻ ይፈርዱ የነበሩት ቴዎድሮስና እስረኛን በገደል ያስጣሉት ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸውን? እውነተኛው የትኛው ነው?» አለኝ። እኔም ከመምህሮቼ የተቀበልሁትን መልስ ሰጠሁት። «እቴጌ ተዋበች እስኪሞቱ ድረስ ደግ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ጠባያቸው ተለወጠ» አልሁት። ልጁ ተቀመጠ፤ ነገር ግን እንዳልረካ ከፊቱ አነበብሁ። እኔም አልረካሁም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ኀዘን ሌላ ሰው ይሆናል ማለት የታሪክ መምህርን የሚያኮራ መልስ አይደለምና።

ስለዚህ ወደ መጻሕፍቱ ተመለስሁ። ተመልሼም ስመረምር፣ ጥያቄው ራሱ መታረም እንዳለበት ተረዳሁ። «እውነተኛው ቴዎድሮስ የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህኛው ቴዎድሮስ የታየው በማን ፊት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚሻል ሆኖ አገኘሁት። ስለ እኒህ ንጉሥ ስናስብ ብዙ ጊዜ በዓይነ ሕሊናችን የሚቆሙት ብቻቸውን ነው። በጽሑፎቻችን ውስጥም ብቸኝነታቸው ጐልቶ ይታያል፤ አቤ ጉበኛ እንኳ ስለ እርሳቸው ለጻፈው ልብ ወለድ ታሪክ የሰጠው ስም «አንድ ለናቱ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የዘመኑን ምስክሮች ስናዳምጥ፣ ቴዎድሮስ ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን አልነበሩም። በዙሪያቸው ልዩ ልዩ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከእኒህ ሰው ልብ ውስጥ የተለየ ነገር ያወጣ ነበር።

ከእቴጌ ተዋበች እንጀምር። ተዋበች የራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ነበሩ። ለቋራው ካሣ የተዳሩት በፍቅር ሳይሆን በፖለቲካ ነው፤ የየጁ ቤት ያንን አስቸጋሪ ሽፍታ በጋብቻ ገመድ ለማሰር አስቦ ነበር። ገመዱ ግን ያሰሩት ሰዎች እንዳሰቡት አልሆነም። ካሣ ከእቴጌ መነን፣ በኋላም ከራስ ዓሊ ጋር ሲዋጉ፣ ተዋበች ከአያታቸውና ከአባታቸው ይልቅ ከባላቸው ጋር ቆሙ። መሳፍንቱ ብዙ ሴት ማስቀመጥን እንደ ክብር በሚቈጥሩበት ዘመን፣ ካሣ ከተዋበች ጋር ቈርበው በአንድ ሚስት ጸኑ። በእቴጌዪቱ ፊት የሚታየው ቴዎድሮስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለቃሉ የሚታመን፣ በራሱ ላይ ሕግ የሚያወጣ፣ ሌላውን ከመግዛቱ በፊት ራሱን ለመግዛት የሚታገል ሰው ነው።

ሁለተኛዎቹ እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ቤል ናቸው። ሁለቱም በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን የመጡ፣ ሁለቱም በራስ ዓሊ ቤት የታወቁ ነበሩ። በአንድ ዘመን የመጡ የአንድ አገር ልጆች ስለ ሆኑ፣ ታሪካችን ብዙ ጊዜ ስማቸውን አጣምሮ ይጠራል። ነገር ግን በቴዎድሮስ ልብ ውስጥ የከፈቱት በር አንድ አልነበረም።

ፕላውደን የመንግሥቱ ቆንሲል ነበር። ከወዳጅነቱ በስተጀርባ ሎንዶን ቆማለች። ስለዚህ በእርሱ ፊት የሚታየው ቴዎድሮስ ጥንቁቅ ንጉሥ ነው። ፕላውደን በ1847 ዓ. ም. ንጉሡ ዘውድ ከጫኑ ከጥቂት ወራት በኋላ የቆንሲል ጽሕፈት ቤት ነገር ሲያነሣባቸው፣ ወዳጅነቱን በደስታ ተቀብለው ቆንሲሉን ግን ገና አልፈቅድም አሉት። በመንግሥታቸው ውስጥ የሌላ መንግሥት ሥልጣን እንዳይገባ መጠንቀቃቸው ነበር። ሰውየውን ወደዱት፤ ሹመቱን ግን ጠረጠሩት።

ቤል ግን ሌላ ነው። በ1845 ዓ. ም. ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት ድል ሲሆኑ፣ ቤል ወደ ካሣ ገባ፤ ከዚያም በኋላ አልተለየም። የአገር ሴት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ ሊቀ መኳስ ተባለ። ሊቀ መኳስ ምን ዓይነት ሹመት እንደ ነበረ ለወጣቶቻችን ማስረዳት ይገባል። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ ጠላት ንጉሡ የትኛው እንደ ሆነ እንዳያውቅ የሚያሳስት ባለሥልጣን ነው። ለንጉሡ የተወረወረው ጦር እርሱን ያገኘው ዘንድ ፈቅዶ የሚቆም ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ልብን መክፈት አያስፈራም። ቴዎድሮስም ለቤል ከፈቱለት። ስለ ውጭ አገር ነገር የሚጠይቅ፣ የማያውቀውን አላውቅም ለማለት የማያፍር፣ የማወቅ ጥማት ያለበት ቴዎድሮስ የታየው በቤል ፊት ነበር። ተቈጥተው በነበረ ጊዜም የሚያበርዳቸው እርሱ እንደ ነበረ የዘመኑ ሰዎች መስክረዋል።

ሦስተኛው ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ናቸው። ግብጻዊው ጳጳስና የቋራው ጦረኛ የተቀራረቡት እያንዳንዱ የሌላው ድጋፍ ስላስፈለገው ነው፤ ሰላማ በሃይማኖት ክርክር የተከፋፈለውን ሕዝብ አንድ የሚያደርግ ክንድ ፈለጉ፤ ካሣም ዘውዱን የሚጭንላቸው ጳጳስ ፈለጉ። በየካቲት ወር 1847 ዓ. ም. በደረስጌ ማርያም ቅባቱን የቀቡአቸው እኒሁ ጳጳስ ናቸው። በሰላማ ፊት የታየው ቴዎድሮስ የሃይማኖት ሥርዓት አስከባሪ ነው። ነገር ግን ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት በዞረ ጊዜ፣ ይኸው ጳጳስ ሌላ ቴዎድሮስን አስነሣ። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባርና ለወታደር ይሁን አሉ። ካህናቱ እንቢ አሉ፤ ጳጳሱም ከካህናቱ ጋር ቆሙ። ስለዚህ አንድ ወዳጅ ከአንድ ሰው ሁልጊዜ አንድ መልክ ብቻ አያወጣም፤ ወዳጅነቱ ሲለወጥ የሚጠራው መልክም ይለወጣል።

አራተኛው ቤት ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር የአውሮጳ ሚሲዮናውያን የእጅ ሠራተኞች ተቀምጠው መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ የአገራችንም ልጆች ከእነርሱ ዘንድ ፊደልና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። እኛ መምህራን ይህን ልንዘነጋው አይገባም። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ዋልድማየር የቤልን ልጅ አግብቶ ስለ ነበር፣ በሟቹ ወዳጅ በኩል ለንጉሡ እንደ ዘመድ ነበረ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በጋፋት ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ. ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተጐተተ። በዚያ መንገድ ላይ ንጉሡ ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ፣ መንገድ ጠረጋውን ራሳቸው እየጀመሩ ሠራዊቱን ያሠሩ ነበር። ቀጥቃጭና አንጥረኛ ቡዳ እየተባለ በሚናቅበት አገር፣ ንጉሥ የሠራተኛ ወዳጅ፣ ራሱም ሠራተኛ ሆኖ የታየው በእነዚህ ሰዎች መካከል ነው።

አምስተኛው ልጅ ምኒልክ ናቸው። በ1848 ዓ. ም. የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ፣ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል የሆናቸው አልጋ ወራሽ ምርኮኛ ሆነው ተወሰዱ። ምርኮኛው ግን እንደ ልጅ አደጉ። ንጉሡ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። የዳግማዊ ምኒልክ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያ ሰፈር ነበር ብንል አንሳሳትም። የጠላትን ልጅ አባት ሆኖ የሚያሳድገው ቴዎድሮስ የታየው በዚህ ልጅ ፊት ነው።

በመጨረሻም እንደ ፊታውራሪ ገብርዬና እንደ ራስ እንግዳ ያሉት የጦር ጓዶች አሉ። ከእነርሱ ጋር ቴዎድሮስ ያው የጥንቱ ካሣ ናቸው፤ ፈረሰኛ፣ ደፋር፣ ከወታደሩ ጋር ደክሞ ከወታደሩ ጋር የሚያድር ሰው ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቀኖቹን በተርታ እናስቀምጣቸው። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ. ም. ሞቱ። ፕላውደን በ1852 ዓ. ም. ወደ ምፅዋ ለመሄድ ሲነሣ በጎንደር አቅራቢያ በሸፈተው በጋረድ ሰዎች ቈስሎ ሞተ። በ1853 ዓ. ም. መጀመሪያ ንጉሡ ያንን ለመበቀል ሲዘምቱ ቤል በውጊያው ላይ ወደቀ፤ የሊቀ መኳስነቱን ዋጋ ከፈለ። ንጉሡም ለእነዚህ ወዳጆች ደም ብዙ ሰው በሞት ቀጡ። በ1856 ዓ. ም. አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታሰሩ፤ በ1860 ዓ. ም. ጥቅምት ወርም እዚያው በእስር ሞቱ። በ1857 ዓ. ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሄዱ። ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስቱ በሞት፣ አንዱ በጠብ፣ አንዱም በማምለጥ ተለዩ።

እያንዳንዱ ሲለይ ምን እንደ ተዘጋ ተመልከቱ። ምኒልክ ባመለጡ ጊዜ፣ የወሎዪቱ ወይዘሮ ወርቂት ስላሳለፈቻቸው፣ በመቅደላ በመያዣነት የነበረው ልጇና ሌሎችም መያዣዎች በጭካኔ ተገድለው በገደል ተጣሉ። አባትነቱ በተዘጋበት በር ቁጣው ወጣ። የቤልና የፕላውደን ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1855 ዓ. ም. ንጉሡ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ስለ ንግሥቲቱ ክርስቲያንነትና ቸርነት የነገሯቸው እነዚያ ሁለት ሟቾች መሆናቸውን ጠቀሱ። ከመሞታቸው በኋላም እንኳ በወዳጆቻቸው አፍ የተነገረውን አመኑ። ደብዳቤው ግን በሎንዶን ለረጅም ጊዜ መልስ ሳይሰጠው ቆየ። አዲሱ ቆንሲል ካሜሮን የፕላውደንን ወንበር እንጂ የፕላውደንን ቦታ ሊይዝ አልቻለም፤ በ1856 ዓ. ም. በሰንሰለት ታሰረ። ስለ አውሮጳ በፍቅር የሚጠይቀው ቴዎድሮስ የሚያናግረው አጣ፤ በአውሮጳ የተናቀው ቴዎድሮስ ግን ቀረ።

ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ጠላትም ከሰው ውስጥ አንድ ነገር ይጠራል። ሚሲዮናዊው ስተርን በ1856 ዓ. ም. ጽኑ ድብደባ ከደረሰበትና ከታሰረበት ምክንያት አንዱ፣ በመጽሐፉ የንጉሡ እናት ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበር መጻፉ ነው። በልጅነታቸው የተናቁበት ያ ስድብ፣ ዘውድ ከጫኑ በኋላም በውስጣቸው ሳይሞት ኖሮ፣ አንድ ባዕድ ሰው በብዕሩ ቀሰቀሰው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፣ «ይህማ ያው ለተማሪው የሰጠኸው የድሮው መልስ ነው፤ ተዋበች ሞቱ፣ ቤል ሞተ፣ ንጉሡ ተለወጡ አልህ እንጂ ምን ጨመርህ?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፕላውደን በ1847 ዓ. ም. ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት፣ የንጉሡን ፍርድ አዋቂነት፣ ለጋስነትና የማይታክት ትጋት ካመሰገነ በኋላ፣ ቁጣቸው በተነሣ ጊዜ እጅግ የሚያስፈራ መሆኑንና ኩራታቸውን በግልጽ ጽፏል። ያን ጊዜ ተዋበች በሕይወት አሉ፤ ቤልም በአጠገባቸው ነው። እንግዲህ ቁጣው በሞት የመጣ አዲስ እንግዳ አልነበረም፤ ቀድሞም የቤቱ ልጅ ነበረ። ደግነቱም ከተዋበች ጋር አልተቀበረም። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ የመጨረሻው ሳምንት ምስክር ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ. ም. ብዙ እስረኞችን ያስገደሉና በገደል ያስጣሉ ንጉሥ፣ በሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት ገብርዬ በአሮጌ ጦርነት ከወደቀ በኋላ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የአውሮጳ እስረኞችን ሳይነኩ ለቀቁ። በሚያዝያ 6 ቀንም ከመሞታቸው በፊት ተከታዮቻቸው ነፍሳቸውን እንዲያድኑ አሰናበቱ። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለቱም ቴዎድሮሶች ታዩ። ስለዚህ የተለወጠው የሰውየው ፍጥረት ሳይሆን፣ ደጉን ገጽ ዘወትር እየጠራ የሚያወጣው ሰው መታጣቱ ነው።

ይህንንም ስል የመንግሥት ነገር ሁሉ በወዳጅ መኖርና አለመኖር ብቻ ይፈታል ማለቴ አይደለም። የየአውራጃው ዓመፅ፣ የካህናቱ ጠብ፣ ያን ያህል ሠራዊት የማብላት ጭንቅ፣ የግዛቱ መጥበብ፣ እነዚህ ሁሉ ንጉሡን ያስጨነቁ ጽኑ ምክንያቶች ናቸው። በ1859 ዓ. ም. ጎንደር ስትዘረፍና ስትቃጠል ተዋበች ቢኖሩ ኖሮ ትድን ነበር ብሎ የሚምል የታሪክ ጸሐፊ አይገኝም። ደግሞም ወዳጅ ማጣት የበደል ይቅርታ አይሆንም። ሰላማን ሞት አልወሰዳቸውም፤ ያሰሯቸው ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ሰው ወዳጆቹን በሞት ቢያጣ ያሳዝናል፤ እንቢ የሚለውን ወዳጅ በገዛ እጁ ሰንሰለት ካስገባ ግን ስለ ራሱ ይጠየቅበታል።

ይህም ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። ተዋበች፣ ቤልና ሰላማ በጠባይ፣ በትውልድ፣ በቋንቋም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ ሦስቱም ለንጉሡ «ይህ አይሆንም» ለማለት የሚያስችል ቦታ ነበራቸው። አንደኛዋ በሚስትነት፣ ሁለተኛው በወዳጅነት፣ ሦስተኛው በጳጳስነት። ከእነርሱ በኋላ የቀሩት ጀግኖች ነበሩ፤ ገብርዬ በአሮጌ፣ እንግዳም በመቅደላ ለጌታቸው ሞተዋል። ስለ ታማኝነታቸው ክብር ይገባቸዋል። ታማኝነታቸው ግን ለጌታ የመሞት ታማኝነት እንጂ ጌታን የመመለስ ታማኝነት አልነበረም። ለአንድ ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ወዳጅ ብቻ ሲቀረው፣ የጦር ሜዳው ገጽ ብቻ እየገነነ ይሄዳል።

አሁን ስለ ምስክሮቻችን አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህ ለታሪክ መምህር ዋና ነገር ነውና። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን በቅርብ ያወቁና በሕይወታቸው ሳሉ የጻፉ ናቸው፤ ጽሑፋቸው መራራው ዘመን ሳይፈጸም ይቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም ግን የጻፉት ንጉሡ ከሞቱ በኋላ፣ ፍጻሜውን ካዩ በኋላ ነው። ሁለት የእንግሊዝ መልእክተኞች፣ ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ፣ በ1858 ዓ. ም. አብረው መጡ፤ አብረው በመቅደላ ታሰሩ። ንጉሡ ለራሳም ወዳጄ እያሉ ያከብሩት ነበርና በመጽሐፉ የምናገኘው ቴዎድሮስ ብዙ ጊዜ ጨዋና አክባሪ ነው፤ በብላንክ መጽሐፍ ያለው ቴዎድሮስ ግን ከዚያ ይልቅ ጨካኝ ነው። ሰንሰለቱ አንድ፣ አምባው አንድ ሲሆን ሁለት ንጉሥ ወጣ። ከሁለቱ አንዱ የግድ ዋሽቷል ብለን ከምንፈርድ፣ ንጉሡ ለሁለቱ የተለያየ ፊት አሳይተው ይሆናል ብለን ብንመረምር ወደ እውነት እንቀርባለን። ለአንድ ሰው ታሪክ አንድ ምስክር የማይበቃው ለዚህ ነው።

ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ሪፖርቱ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኔ ክፍል አንድ ዕጩ መምህር ነበር። በታሪክ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሲጠየቅ መሬት መሬት ያያል። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ጠባዩ ስጽፍ፣ «ዝምተኛና ግዴለሽ ነው፤ ለመምህርነት የሚሆን አይመስለኝም» ብዬ ጻፍሁ። ሪፖርቶቹ በመምህራን ጉባኤ ሲነበቡ፣ የእርሻ ትምህርት መምህሩ በመገረም ቀና ብሎ አየኝ። ለካ ያ ልጅ በአትክልቱ ቦታ የሁሉ አለቃ፣ ቀልድ አዋቂ፣ ሥራ የማይሰለቸው ኖሯል። ለልምምድ የሄደበት ትምህርት ቤት የሕፃናት አስተማሪ ደግሞ፣ ሕፃናቱ እርሱን ካላዩ ወደ ክፍል አንገባም እስከ ማለት እንደ ወደዱት ጽፋለች። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ሰው። የፈረምነው ግን በአንድ ስም ላይ ነው።

ነገሩን ስንመረምር፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ከአጠገቡ ይቀመጥ የነበረ አንድ የአገሩ ልጅ በሕመም ምክንያት ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ ተመልሶ ኖሯል። በታሪክ ሰዓት ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተከራከሩ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ ጥያቄ ያነሡ እንደ ነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ በክፍሌ ውስጥ አንድ ሰነፍ ተማሪ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ወዳጁን ያጣ አንድ ገጽ ነበር። ሪፖርቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት። በሚቀጥለው ዓመትም ሊከራከረው ከሚችል ተማሪ አጠገብ አስቀመጥሁት። ንግግሩ ወዲያው አልተመለሰም፤ ቀስ በቀስ ግን ተመለሰ። ያ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ፣ በእኔ አንድ መስመር ምክንያት የሕፃናት ወዳጅ የሆነ አንድ መምህር ከአገራችን ትምህርት ቤቶች ይጐድል እንደ ነበር ባሰብሁ ቍጥር ዛሬም ያስደነግጠኛል።

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼና ለትምህርት ቤት ሹማምንት ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ታሪክ ስናስተምር «ሰውየው ደግ ነበረ ወይስ ክፉ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ እንዳናቆም፣ «በማን ፊት? በማን ምስክርነት?» የሚለውን እንጨምርበት። ሁለተኛው፣ የአንድ ልጅ ዕድል በአንድ መምህር ብዕር ብቻ እንዳይወሰን እናድርግ፤ ክፍል ያየው፣ ሜዳ ያየው፣ አትክልት ቦታ ያየው ሁሉ ይጠየቅ። ልጅ አጠገብ ልጅ ስናስቀምጥም ወንበር መሙላታችን ብቻ እንዳይመስለን፤ ከዚያ ልጅ ውስጥ የትኛው ገጽ እንደሚወጣ መወሰናችን ነውና። ሦስተኛው ስለ እኛው ስለ ራሳችን ነው። የመምህር ኑሮ ብዙ ጊዜ ከሚሰሙት ጋር እንጂ ከሚከራከሩት ጋር አይደለም። በክፍላችን ውስጥ እኛም ትናንሽ ነገሥታት ነን። ስለዚህ «ይህ አይሆንም» የሚለንን አንድ ወዳጅ፣ ቢመርረንም እንኳ፣ ከቤታችን አናርቀው።

ያ ጥያቄ የጠየቀኝ ዕጩ መምህር ትምህርቱን ጨርሶ ከተመደበበት ቦታ ሄዷል። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ሙሉ አልነበረም። ምናልባት ይህ መጽሐፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ቢያነበው መልሴን ያገኘዋል፤ ሁለቱም ቴዎድሮስ እውነተኞች ናቸው፤ አንደኛው ግን የሚጠራው ሰው ያስፈልገው ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል።